ሶፋው የእንግዳ ነው

ሰው ቤቱን የሚያደራጀው ለራሱ ነው የሚል ካለ፣ ወይ አላገባም ወይ ቡፌ የለውም። ቡፌ ያለው ያውቀዋል። ጥሩው ብርጭቆ የእንግዳ፣ ጥሩው ሳህን የእንግዳ፤ ለባለቤቱ የሚቀረው ጆሮው የተሰበረ ኩባያ ነው። እኛ ፒያሳዎች ደግሞ ቤታችን ሲጠብ ኩራታችን ይሰፋል መሰለኝ፣ እኔና ባለቤቴ አልማዝ ትልቅ ሶፋ ገዛን።

ለሶፋው ስል ሁለት ዓመት ሙሉ የቅዳሜ ማኪያቶዬን ትቻለሁ። ጓደኞቼ ካፌ ሲገቡ እኔ ጉዳይ እንዳለበት ሰው ወደ አራት ኪሎ በእግሬ እሄድ ነበር። ማኪያቶ የተወ አራዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰላምታ እንኳ ይከብደዋል። ሶፋው ሲመጣ ቦታ ስለጠፋ የድሮ ወንበሮቻችንን ሸጥን። ልቀመጥ ስል አልማዝ፣ "ኧረ ላስቲኩን እንዳትቀደው! የእንግዳ ነው" አለችኝና ዱካ አቀበለችኝ።

ዓመት ሙሉ ዱካ ላይ ቁጢጥ ብለን፣ ሶፋውን ቀና ብለን እያየን በላን። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል፤ የራስስ ወርቅ ቢሆን በላስቲክ ተጠቅልሎ ምን ያደምቃል? ወገቤን ቆረጠኝ። ጨዋታችንም አጠረ፤ በልተን ቶሎ መተኛት ሆነ። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ "አይ፣ እዚችው ይበቃኛል" ብሎ ዱካዬን ይወስድብኛል!

አንድ እሑድ ግን ቆረጥኩ። እንግዳ ያልሆነ አይቀመጥም ማለት ነው? እንግዲያስ እሆናለኋ! ኮቴን ለብሼ ወጣሁ፣ አንድ ኪሎ ብርቱካን ገዛሁ፣ ተመልሼም "ቤቶች!" እያልኩ የገዛ በሬን አንኳኳሁ።

አልማዝ ከፍታ እኔንም ብርቱካኑንም አየች። ሳቋ መጣ፤ ግን የአራዳ ልጅ ጨዋታ አትሰብርም። "ይግቡ፣ ይግቡ! ምነው ጠፉ?" አለችኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር አንቱ ስባል የመጀመሪያዬ ነው። ላስቲኩን ገፈፈችልኝ፣ ተቀመጥኩ። ከልቤ ደስ አለኝ። "እርስዎም አረፍ ይበሉ እንጂ" ብላት፣ "እኔ ባለቤት ነኝ፣ ዱካዬ ይበቃኛል" አለች።

ደስታዬ ቀዘቀዘ። እሷም እኮ ለዚህ ሶፋ ብላ ሁለት ዓመት ጫማ አልገዛችም። ነጠላዋን አለበስኳትና አስወጥቼ በሩን ዘጋሁት፤ ሶፋው ላይም ተመልሼ ተቀመጥኩ።

"ቤቶች!" አለች ከውጭ።

ከሶፋው ብድግ ብዬ "ኖር!" አልኳት። "በእግዜር" ብላ ገባችና አጠገቤ ተቀመጠች። በጥሩው ሳህን በላን፣ በጥሩው ብርጭቆ ጠጣን፣ የዓመት ጨዋታችንን ተጫወትን።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ደስታ በደስታ ሆኗል። አንድ ችግር ብቻ አለብን፤ ሁለታችንም እንግዳ ስለሆንን ሳህን የሚያጥብ ባለቤት ጠፋ።