መጀመሪያ ማካፈል፣ ከዚያ ማባዛት

በረዷማዋ ክፍለ ሀገራችን ሳስካችዋን ውስጥ የቱንም ትንሽ ከተማ አንስታችሁ ብታራግፉት፣ መለኪያ የያዘ አንድ ሽማግሌ ዱብ ይላል። ሰው ቤት ሲገባ «እንደምን ዋላችሁ» ከማለቱ በፊት የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያውን ገልብጦ ከሥሩ የተጻፈውን የሚያነብ ዓይነት ነው። ለእኛ መንገድ የደረሱን ክቡር ዶክተር ኦረስት ኮስቲኒዩክ ናቸው።

ዶክተር የተባሉት የጥርስ ሐኪም ስለነበሩ ነው። ከኤሌክትሪክ ጋር የሚያዛምዳቸው አንድም ነገር አልነበረም። ጡረታ ሲወጡ ሚስታቸው ስላቭካ «እጅህ ሥራ እንዳይፈታ» ብላ ገመድ ነክሶ አምፔር የሚያነብ መለኪያ ለልደታቸው ሰጠቻቸው፤ ይኸው እሷም እኛ ጎረቤቶቹም አበሳችንን እናያለን።

እምነታቸው አጭር ነው፦ «መጀመሪያ ማካፈል፣ ከዚያ ማባዛት!» ቮልቱን ለአምፔሩ ስታካፍሉት ዕቃው ከረንቱን ምን ያህል እንደሚታገለው በኦም ታውቃላችሁ። ስታባዙት ደግሞ የሚበላው ዋት ይወጣል። ይህን ትምህርት እኔ በግዴ የተማርኩት አዲስ የዳቦ መጥበሻ የገዛሁ ዕለት ነው።

«ሊዮና፣ ይህ ስንት አምፔር ይስባል?»

«ዶክተር፣ እኔ የማውቀው ዳቦ እንደሚጠብስ ነው።»

«ጉድ ነው! ማንነቱን ሳታውቂ ነው ቤትሽ ያስገባሽው?»

ሰባት አምፔር ሆነ። «መቶ ሃያ ቮልት ለሰባት ሲካፈል አሥራ ሰባት ኦም ከምናምን! በሰባት ሲባዛ ስምንት መቶ አርባ ዋት! ጤነኛ ነው!» ብለው ልጅ የተወለደልኝ ይመስል እጄን ጨበጡኝ። ዳቦዬ እስከዚያ አርሮ ነበር።

በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የመከር ራት ቀን የሆነውንማ የማያወራ የለም። ሴቶቹ ትልቁን የሻይ ማፍያና የፔሮጊውን፣ ድንች የተሞላውን ቅቅል ሊጥ፣ ማሞቂያ አንድ መስመር ላይ ሊሰኩ ሲሉ ዶክተር እጃቸውን ዘርግተው መሀል ቆሙ።

«ይሄ አሥራ ሁለት ተኩል፣ ያ አራት! ብሬከሩ አሥራ አምስት ነው፣ አይችልም!»

«ዶክተር፣ ዞር ይበሉልኝ፤ ፔሮጊው እየቀዘቀዘ ነው» አለች የወጥ ቤቱ አለቃ፤ ሰካችው። ጥቂት ቆይቶ አዳራሹ ድርግም አለ። ከጨለማው ውስጥ በደስታ የሚጮህ አንድ ድምፅ ብቻ ተሰማ፦ «አሥራ ስድስት ተኩል! አላልኩም?» ራታችንን ለብ እንዳለ በላን። እሳቸው ግን እንደዚያ ቀን ምግብ ጥሟቸው አያውቅም።

እንግዲህ ወደ አንድ የክረምት እሑድ ልውሰዳችሁ። ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ነው። እኛ ጋ በክረምት መኪና ሶኬት ላይ ተሰክቶ ያድራል፤ ሞተሩ ላይ ያለችው ማሞቂያ ካልሠራች ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ባሏ ማዕድን ማውጫ ፈረቃ ላይ ስለነበር ልጄ ዳሪያ እኔ ጋ አድራለች፤ ገና ሲነጋ ምጧ መጣ። ሆስፒታሉ ያለው ትልቁ ከተማ ነው። አምቡላንሱም የሚመጣው ከዚያው ነው። ቁልፉን ባዞረው፣ ባዞረው፣ መኪናዬ አንዴ አቃስቶ ዝም አለ።

ዶክተር ከጎረቤት ድምፁን ሰምተው በፒጃማና በበረዶ ቦት እየሮጡ መጡ። መለኪያቸውን ይዘው!

«ዶክተር፣ ልጅ እየመጣ ነው!»

«አንዲት ደቂቃ ይታገሠን!» ብለው ራሳቸው የሠሯትን ማገናኛ ገመድ በመኪናዬና በሶኬቱ መሀል ሰክተው በመለኪያው ነከሷት። መለኪያውን አዩ። ነቀነቁት። ደግመው አዩ። «ዜሮ» አሉ በቀጭን ድምፅ። «አምፔሩ ዜሮ ነው፤ ማሞቂያዋ ሞታለች። መቶ ሃያ ለዜሮ... አይካፈልም እኮ።» ሰውየው ሲጨነቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጭንቀታቸው የእኔን ሊያስረሳኝ ምንም አልቀረውም።

የስላቭካ መስኮት ተከፈተ። «አንተ ሰውዬ! የእኛ መኪና ሞቆ አይደል እንዴ ያደረው?»

«አምስት አምፔር!» ብለው ዘለሉ። «ሃያ አራት ኦም! ስድስት መቶ ዋት! ግቡ፣ ግቡ!»

ገባን። አንዴ ሲያስነሱት ሞተሩ ተነሣ፤ የኋሊት ተስፈንጥረን ወጣን። አንድ ነገር ቋ! ሲል ሰምቻለሁ፤ ዳሪያ እየጮኸች ስለነበር ማን ልብ ይበል። ዋናው መንገድ ላይ ለቅዳሴ የሚሄደው ሕዝብ ሁሉ እጁን ያወዛውዝልን ጀመር።

«አያችሁ ሰው ደስ ሲለው!» አሉ ዶክተር፤ እያንዳንዱን በእጃቸው እየመለሱ።

«ዶክተር፣ ይንዱ!» ትላለች ዳሪያ ከኋላ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው ዳሪያን በተሽከርካሪ ወንበር ካስገባ በኋላ ተመልሶ መጣ። «አባት፣ የግድግዳዎ ሶኬት አብሮዎት መጥቷል» አለ። የሰፈሩን ገመድ ሁሉ የሚመረምሩት ዶክተር የራሳቸውን ሳይነቅሉ ነው ያን ሁሉ መንገድ የጎተቱት! ገመዱን አንስተው፣ ጫፉ ላይ የተንጠለጠለውን ሶኬት አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «እዚህ ላይ እንኳ ቮልቱም ዜሮ ነው» አሉ።

የልጅ ልጄ በሰላም ተወለደች። ያን ቀን የለቀቅኩት ሳቅ ከደስታው ይሁን ከሶኬቱ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መስኮቴ ላይ እቆማለሁ። ዶክተር መኪናቸው ውስጥ ሲገቡ መስታወቱን አንኳኳለሁ፤ «ገመዱ!» እላለሁ። «አውቃለሁ!» ይላሉ ተቆጥተው። አያውቁም። ወርደው ይነቅላሉ።

ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ቀን ረፈደባቸው። ጋራዣቸው ዝግ ነው፤ መጋረጃው አልተገለጠም። ልቤ አላስቆም ሲለኝ በቤት ጫማዬ በረዶውን አቋርጬ በራቸውን ደበደብኩ። ዶክተር ፀጉራቸው ተንጨባርሮ፣ እንቅልፋቸው ሳይለቃቸው ከፈቱ።

«ምነው ሊዮና? ምን ሆንሽ?»

ምን ልበል? «የዳቦ መጥበሻዬ አስቸገረኝ» አልኩ።

ዓይናቸው በራ። ካፖርት እንኳ ሳይደርቡ መለኪያቸውን ይዘው ተከተሉኝ። ወጥ ቤቴ ውስጥ ሰኩ፣ ነከሱ፣ አነበቡ። «ሰባት! አሥራ ሰባት ኦም፣ ስምንት መቶ አርባ ዋት! ሊዮና፣ ይሄ ምንም አልሆነም እኮ፣ ደኅና ነው!»

«እርግጠኛ ነዎት?» አልኳቸው፤ ወንበር ስቤ እያስቀመጥኳቸው። «እስቲ ደግመው ይለኩልኝ።»