ዶን ሊሳንድሮ የሚያጋቧቸው ሞተሮች

ሁለት የሞቱ ሞተሮች አጋብቼ አንድ ሕያው አወጣለሁ የሚል ሰው የሌለበት ከተማ በዓለም ላይ የለም። አንዱ በሬዲዮ ይሞክረዋል፣ ሌላው በልብስ ስፌት መኪና። ለእኛ ለሳንታ ፌዎቹ የደረሱን ክቡር ዶን ሊሳንድሮ ኩርቶ ናቸው። የሳቸው ደግሞ የአሻንጉሊት አውሮፕላን ሞተር ነው። "አሻንጉሊት" የምትለው ባለቤቴ ናት፤ እሁድ እሁድ በምናበርበት ሜዳ ይህን ቃል የተነፈሰ ሰው የማቴ ሻዩ ዋንጫ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይዘለላል።

የዶን ሊሳንድሮ ሀብት በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። የሲሊንደሩ ክዳን ቴስታታው ካንዱ አሮጌ ሞተር፣ ካንዴላው ከሌላው፣ የነዳጅ መርፌው ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቀው። ፒስተንና ሲሊንደር አንዱ ለሌላው ተሞርደው ስለሚሠሩ እኛ "ባልና ሚስት" እንላቸዋለን። ባልየውን ከሌላ ሚስት ጋር ካስገባኸው አየሩ በመሀላቸው ሾልኮ ያመልጣል፣ ሞተሩም አቅም ያጣል። ይህን የማያውቅ የክበባችን አባል የለም። ክቡርነታቸው ግን የማይገጥመውን በመዶሻ እጀታ መታ መታ እያደረጉ፣ "ትዳር ነው ልጄ፣ ሲኖሩ ይላመዳሉ!" ይላሉ።

እስካሁን የተላመዱ አላየሁም።

ለኔም አንዱን "ኦሪጅናል ነው" ብለው ሸጠውልኛል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አውሮፕላኔ ግማሽ ዙር እንደሄደ ሳል ያዘውና ሳሩ ላይ ቁጭ አለ። ተናድጄ ስመለስ፣ "የሸጥኩልህ ሞተር ነው፣ በረራ መቼ ሸጥኩልህ?" አሉኝ። ሜዳው በሙሉ ሳቀ፤ በሳቸው ሳይሆን በኔ። በክበቡ በዓል ቀን ደግሞ የሳቸው ሞተር በተአምር ተነሣ፣ ግን ወደ ኋላ እየዞረ። አውሮፕላኑ ጅራቱን አስቀድሞ ሥጋ መጥበሻው ውስጥ ገባ። ሰዉ ተነሥቶ አጨበጨበላቸው። እኔ በዚያው ቀን ውድድሩን አሸንፌ ነበር፤ ጠይቁ እስቲ፣ የሚያስታውስ ካለ።

እቀናለሁ። አንጀቴ እስኪያር ነው የምቀናው። የኔ ሞተር አዲስ የተገዛ፣ ባልና ሚስቱ ከተጋቡ ጀምሮ ያልተለያዩ፣ ፕሮፔለሩን አንዴ በጣት መታ ሲያደርጉት የሚነሣ ነው። ግን ጤነኛ ማን ይጠይቀዋል? የሳቸውን እንደ በሽተኛ ከበው ይጠይቁታል፤ አንዱ ፒንሳ ይዞ፣ አንዱ ምክር ይዞ፣ አንዱ ቾሪሶ የሚሉትን ቋሊማ በዳቦ ይዞ።

ይሄን ሁሉ እችለው ነበር፣ ቺቼን ባይወስዱብኝ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። የእኛ አውሮፕላን በሁለት ቀጫጭን ሽቦ ታስሮ ነው የሚበረው፤ እኔ እጀታውን ይዤ መሀል እቆማለሁ፣ አውሮፕላኑን ይዞ የሚለቅልኝ ቺቼ ነው። ያለ እሱ የዓለም ምርጥ ሞተር ሣር ላይ ከመንጫጫት በቀር ምንም አያደርግም።

"ቺቼ! ተነሥቷል እኮ፣ ና ልቀቅልኝ!"

"አንዴ ጠብቀኝ ቀጮ፣ የዶን ሊሳንድሮ ሊተነፍስ ነው!"

ነዳጄ ሊያልቅ ሲል ይመጣል፣ ይለቅልኛል፣ እየሮጠ ይመለሳል። እኔ ብቻዬን እሽከረከራለሁ። ራሴ ዞሮ ሳርፍ፣ ያየኝ ካለ ብዬ ዘወር ስል የማየው ጀርባ ብቻ ነው።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ባለፈው ሳምንት ጋራዤን ዘጋሁና የገዛ ሞተሬን ባልና ሚስት አፋታኋቸው። በባልየው ቦታ ዶን ሊሳንድሮ ከሸጡልኝ ሞተር የወጣውን ፒስተን ከተትኩ።

እሁድ ፕሮፔለሩን መታሁት። ወይ ፍንክች። ደገምኩት። ከዚያ ሜዳው እንዲሰማ አድርጌ ተሳደብኩ።

"ምን ሆነ?" አለ ቺቼ አንገቱን አውጥቶ።

"እንጃ፣ እምቢ አለኝ።"

"ያንተ? ያንተ ሞተር?"

ሮጦ መጣ። ሌሎቹም ሥጋቸውን እያኘኩ ተከተሉት። "ካንዴላው ነው" አለ አንዱ፤ "ነዳጁ ነው እንጂ" አለ ሌላው። ቺቼ ከጎኔ ተንበርክኮ እጅጌውን ሰበሰበ። ደስታዬን ለመደበቅ ፊቴን አኮማተርኩ።

ዶን ሊሳንድሮ የራሳቸውን ትተው መጡ። ሰዉ ገለል አለላቸው። ፕሮፔለሩን ባንድ ጣት ቀስ አድርገው አዞሩትና ጆሯቸውን አስጠጉ፤ አየሩ ሾልኮ ሲወጣ እኔም ሰማሁት። በጭስ ማውጫው ቀዳዳ አጮለቁ። ለሦስት የተለያዩ ሲሊንደሮች የዳሩት ፒስተን ነው፣ እንዴት ያጡታል? ቀና ብለው አዩኝ። ጆሮዬ ጋለ፤ "በል ይበሉኝ፣ ያዋርዱኝ" ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ቃል ቢናገሩ ሜዳውን ዳግመኛ አልረግጠውም ነበር።

እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉና ወደ ሰዉ ዞሩ።

"ይሄማ ከባድ ነው" አሉ። "የኔ ይቆይ። ሥጋውን ወደዚህ አምጡት፣ ማቴውንም። አንተ ቺቼ፣ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል። የቀጮ ሞተር በአንድ እሁድ የሚድን አይደለም።"