ልብስ ሰፊው ለቆሮሶ ከንፈር የሚገባውን ዘንግ እንደ መረጡ

በዘመነ ባዶ ቅርጫት በሦስተኛው ዓመት፣ ቲማቲም በሚቀላበት ወር፣ የተቀደደ ሱሪ መድኃኒት፣ የተጣላ ዚፕ አስታራቂ፣ ርእሰ ሰፋያን የሆኑት ልብስ ሰፊ ከሐይቅ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ በመንጠቋቸውም ላይ ቆሮሶ ከሚባለው ዓሣ ወገን አንዲት ከንፈር ብቻ ተንጠልጥላ ነበረች፤ ባለቤቷ ግን እርሷን ትቶ ወደ ሀገሩ ገብቷል።

ይህንም ባዩ ጊዜ አማታቸው፣ ጎማ ፈጂው፣ ዳገት አስለቃሹ ጡረተኛ ሾፌር፣ ከበረንዳቸው ላይ ቆመው አወጁ፦ «ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! ልጄን የዳርኩት ለዓሣ አጥማጅ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለከንፈር ለቃሚ ኖሯል! የፊታችን እሑድ ቅርጫቱ ባዶውን ከገባ፣ የማጥመጃ ዘንጉ ለቲማቲሜ ድጋፍ ይቆማል፤ አማቼም እሑድ እሑድ ከእኔ ጋር አረም ይነቅላል!»

ልብስ ሰፊውም ይህን ሰምተው ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ሐይቁ በሳምንት አንድ ቀን «ለነገ አድርስልኝ» የሚላቸው ሰው የማይገኝበት ስፍራ ነበርና።

ቅዳሜም በነጋ ጊዜ ወደ ማጥመጃ መደብር ዘመቱ። የተከተላቸውም ሠራዊት ይህ ነው፦ ሚስታቸው ጃንጥላ ይዛ፣ «ቆይ ልምጣ» የሚሉት የሚስታቸው ወንድም አርፍዶ፣ የጎረቤት ውሻም ማንም ሳይጠራው።

በመደብሩም ዘንጎቹን አንድ በአንድ እያነሡ አጎበጡ፤ አንዱ ጫፉን ብቻ ነቅንቆ ወገቡ እንደ አዲስ ሹም ቀጥ እንዳለ ይቀራል፤ አንዱ እስከ መሃሉ ይታጠፋል፤ አንዱም እንደ ደጅ ጠኚ እስከ እጀታው ያጎነብሳል። ባለ መደብሩም «ወንድ የሆነ ደረቁን ይግዛ!» ሲል አወጀ። ልብስ ሰፊው ግን እጆቻቸውን መረመሩ፤ ዓሣ በነካ ቁጥር የስፌት ክር እንደሚበጥሱ ቀጭ አድርገው የሚመነጭቁ እነዚያ እጆች ነበሩ። በደረቅ ዘንግ መመንጨቅ አፈ ብርቱውን፣ ጢማሙን አምባዛ ይይዘዋል፤ የቆሮሶ ከንፈር ግን ስስ ነውና ሻሽን በጆንያ መርፌ እንደ መስፋት ይሆናል። ስለዚህም «ደረቁ ለአምባዛ፣ አጎንባሹ ለቆሮሶ!» የሚል ሕግ ደነገጉ፤ ደረቁ በቤታቸው ነበረና አጎንባሹን ገዙ፤ ሲወጡም በጫፉ የመደብሩን አምፖል ሰበሩ። ሚስታቸውም «እስከ ቤት ዘንጉን የምይዘው እኔ ነኝ!» ብላ አወጀች።

እሑድም ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል፣ ውሻው የማጥመጃውን ሊጥ ልሶ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ቆሮሶ ነከሰ። እጃቸውም ልማዱን አልተወም፤ መነጨቀ። ዘንጉ ግን ስለ እርሳቸው ኀጢአት እስከ እጀታው ሰገደ፤ ከንፈሩም ሳይቀደድ ዓሣው ወጣ፤ ቁመቱም ከሕፃን ካልሲ አይበልጥም ነበር።

አማታቸውም መነጽራቸውን አድርገው የዓሣውን አፍ ፈለቀቁ፤ ላይኛውን ከንፈር ጎተቱ፣ ታችኛውንም ጎተቱ። ከዚያም አወጁ፦ «ከንፈሩ ሙሉ ነው! ዘንጉ በቤቱ ይኑር፤ ቲማቲሜም እንደ ፍጥርጥሩ! ለመጪው እሑድ ግን አጎንባሹን የምይዘው እኔ ነኝ፤ አማቼ ደረቁ ይበቃዋል!»

እንዲህም ሆኖ ዘመነ ባዶ ቅርጫት አለፈ፣ ዘመነ ሙሉ ከንፈርም ገባ፤ ቲማቲሙ መሬት ለመሬት እየተንፏቀቀ ይመሰክራል። እጃቸው መንጫቂ ሆኖ ሳለ ዘንጋቸው ታጋሽ ለሆነላቸው፣ ሳይቀድዱ ለሳቡ ለርእሰ ሰፋያን ምስጋና ይድረሳቸው፤ ስማቸውም ቆሮሶ ከንፈር እስካለው ድረስ ይጠራ።