የወሰን ድንጋይና ሰማያዊ መብራት

ሰው ዕቃ የገዛ ይመስለዋል እንጂ፣ ከዚያ ወዲያ ገዢው ዕቃው ራሱ ነው። በሬ የገዛ ቀንበር ይፈልጋል። ስልክ የገዛ ሽፋን ይፈልጋል። አዲስ በር ያስገጠመ ሰው ግድግዳው ማርጀቱን የሚያየው ያን ዕለት ነው። ጀልባ የገዛስ? ጀልባ የገዛማ መብራት ይፈልጋል፤ ያውም ከውኃ በታች የሚበራ፣ ዓሣ ለፈተና የሚያጠናበት ይመስል።

«ግሼ ላይ ጀልባ ምን ሊሠራ?» ማለታችሁ አይቀርም። የኬላው ፈታሽም ያለኝ ይህንኑ ነው። አንድ የሐይቅ ዳር ሆቴል ያረጁ ጀልባዎቹን ሲያስወግድ አንዷን ገዝቼ በጭነት መኪና ሳመጣት አስቆመኝና ምን እንደጫንኩ ጠየቀኝ። ጀልባ አልኩት። ወዴት እንደምወስዳት ጠየቀኝ። ወደ ግሼዋ ከተማ፣ ወደ ራቤል አልኩት። ጀልባዋን ገልብጠን እንድናሳየው አዘዘ፤ ከሥሯ አንድ የደበቅሁት ነገር እንዳለ እርግጠኛ ነበር። ራቤል ስንደርስ ደግሞ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ከበባት። ገሚሱ የበግ ውኃ ማጠጫ ገንዳ መሰለችው፤ አንድ አዛውንት በክንዳቸው ለክተው ስንት በግ በአንድ ጊዜ እንደምታጠጣ ሁሉ ነግረውኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከተማዋ ወረድ ብሎ ለመስኖ የተሠራ አነስተኛ ግድብ አለ። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ውቅያኖስ አስተምሬያለሁ፤ ውቅያኖስ ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ግድቡ የሞላ ዓመት አንድ ማለዳ ወረድኩና ጉሙ ከውኃው ላይ ቀስ እያለ ሲነሣ አየሁ። ተራራው ተገልብጦ ውኃው ውስጥ ተኝቷል። ደመናውም እዚያው ነው። የቱ ላይ፣ የቱ ታች እንደሆነ ጠፋኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልቤ እዚያ ቀረ። ደግሞስ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡበት፣ መምህራን እሑድ እሑድ የሚናፈሱበት ነገር ቢኖረን ምን ነውር አለው?

ጀልባዋ አንድ ዓመት በሰላም አገለገለች። መከራው የመጣው በስልኬ በኩል ነው። በሰው አገር አንዲት ጀልባ ሲመሻሽ ስትንሳፈፍ የሚያሳይ ቪዲዮ አየሁ። ከሥሯ ሰማያዊ ብርሃን ይፈስሳል። የተቀመጠችው በውኃ ላይ ይሁን በብርሃን ላይ አይታወቅም። አየሁት፣ ደገምኩት፣ ሠለስኩት። በማግስቱ በመምህራን ስብሰባ ላይ ርዕሰ መምህሩ ስለ ክፍለ ጊዜ ድልድል ሲናገሩ እኔ በሰማያዊ ብርሃን ላይ እየተንሳፈፍኩ ነበር። ፈቃደኛ የሆነ እጁን ያውጣ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያወጣ መስሎኝ አወጣሁ፤ የንብረት ቆጠራ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ሕልም ነጻ ነው ያለው ማነው?

ባለቤቴ ወይንሸት ጉዳዩን በጥሞና አዳመጠችኝ። ከዚያ የማድ ቤታችን አምፖል ከተቃጠለ ሁለት ወር እንዳለፈው፣ እሷ በስልክ ብርሃን ወጥ እየሠራች እኔ ለዓሣ መብራት ላስገባ መሆኔን፣ ግድቡ ውስጥ ደግሞ ዓሣ እንደሌለ በቀስታ አስታወሰችኝ። ሕልም የያዘው ሰው መልስ አያስፈልገውም ብዬ የጀልባ መብራት ወደሚሸጥ ነጋዴ ደወልኩ።

ሻጩ አዲስ አበባ ነው፤ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። መጀመሪያ፣ የጀልባዋን ሆድ በስቶ የሚገጠም መብራት እንዳለ፣ ከውጭ በማጣበቂያ የሚለጠፍም እንዳለ ነገረኝ። ጀልባን በስቶ ውኃ ላይ ማስቀመጥ ምን ዓይነት ድፍረት ነው? የሚለጠፈውን መረጥኩ። ኃይሉን በተመለከተ አንድ የመኪና ባትሪ ይበቃዋል አለ። ከዚያ ወደ ቀለሙ መጣ። ነጩ የነገሩን መልክ እንዳለ ያሳያል። አረንጓዴው ለደፈረሰ ውኃ ይሻላል። ሰማያዊው ከሁሉም ያምራል፤ ነገር ግን ጥርት ላለ ውኃ ብቻ ነው። ይህን ብሎ ሲያበቃ ውኃችሁ እንዴት ነው፣ ጥርት ያለ ነው ወይ አለኝ።

እስቲ ፍረዱኝ። በደጋ ምንጭ ያደገ ሰው፣ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ለሚጠብቅ የአዲስ አበባ ነጋዴ፣ የአገሬ ውኃ ድፍርስ ነው ይላል? በልግ ዘንቦ ጎርፉ ሲገባበት ግድቡ ሽሮ እንደሚመስል አሳምሬ አውቃለሁ። «እንደ መስታወት ነው» አልኩት። ይህችን ውሸት አንድ የመንዝ ወይም የግሼ ሰው ቢፈርድባት በነጻ ያሰናብተኛል።

ዋጋውን ሲነግረኝ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ ወይንሸት ታነባለች። አመስግኜ ዘጋሁና ሕልሜን አጣጥፌ አስቀመጥኩ።

ሕልሜን ከታጠፈበት ያነሣው የአማቴ ጠብ ነው። አማቴ ጋሽ እሸቴና አንድ ጋሽ ሽፈራው የሚባሉ ሰው፣ ግድቡ ከመሠራቱ በፊት ድንበርተኞች ነበሩ። ላይኛው ማሳ የጋሽ እሸቴ ነው፣ አፈሩ ቀይ። ታችኛው የጋሽ ሽፈራው ነው፣ አፈሩ ጥቁር። በመካከሉ አንዲት ወይራና አንድ የወሰን ድንጋይ ነበሩ። ጋሽ እሸቴ ድንጋዩ ከወይራዋ በታች ነበር ይላሉ። ጋሽ ሽፈራው ደግሞ ከወይራዋ በላይ ነበር፣ ነቅሎ ወደ ታች ያወረደው እሸቴ ነው ይላሉ። ልዩነቱ ቢበዛ ሁለት ክንድ ነው። ለሁለት ክንድ መሬት ሃያ ዓመት ተካሰሱ። ዳኞች ተሾሙ፣ ተሻሩ፣ ጡረታ ወጡ፤ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በመጨረሻ ግድቡ መጣና ማሳውንም፣ ወይራዋንም፣ ድንጋዩንም ዋጠ። ለሁለቱም ሌላ ቦታ ምትክ መሬት ተሰጣቸው። ውኃው መሬቱን ዋጠ እንጂ ነገሩን አልዋጠም። በሚስትና በመሬት ቀልድ የለም፤ በሰጠመ መሬትማ ጨርሶ አይቀለድም።

እኔም እዚህ ላይ አልቀልድም። ጋሽ እሸቴ አርጅተዋል፤ ደረታቸውን ያማቸዋል። ምኞታቸው ከባለቤታቸው ጋር መቁረብ ነው። የነፍስ አባታቸው ግን ከሽፈራው ሳትታረቅ ሥጋ ወደሙን አትቀበልም ብለዋቸዋል። ጋሽ ሽፈራው ደግሞ የሚታረቁት፣ ጋሽ እሸቴ «ድንጋዩን ነቅያለሁ» ብለው ሲያምኑ ብቻ ነው። ያልነቀሉትን ነቀልኩ ብለው፣ በውሸት ታርቀው እንዴት ይቁረቡ? ወይንሸት አባቷ ሳይቆርቡ እንዳያልፉባት ትፈራለች። ይህን ስታነሣ ድምፅዋ ይሰበራል።

እንግዲህ አንድ እሑድ አማቴ ቤት ተቀምጬ፣ ልገዛው ስላልቻልኩት መብራት እየተረክሁ ነበር። ጋሽ እሸቴ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና ይኸ መብራት ታች ያለውን ያሳያል ወይ ብለው ጠየቁኝ። እዚህ ላይ እንደ ሻጩ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን መርፌ ቢወድቅ ያሳያል አልኩ። በማግስቱ ሙክታቸውን ሸጡ።

ወሬው ወዲያው ጋሽ ሽፈራው ጆሮ ደረሰ። እሳቸውም መልእክተኛ ላኩብኝ። በአንድ ተከራካሪ ገንዘብ የተገዛ መብራት ለዚያው ወገን ማድላቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ግማሹን እሳቸው ካልከፈሉ በመብራቱ የሚታየውን ማስረጃ አይቀበሉም። የእሳቸውም ሙክት ተሸጠ። ሁለት ባላጋራዎች እኩል ያዋጡበት የውኃ ውስጥ መብራት በዓለም ላይ የእኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ነጩን ማዘዝ ነበረብኝ። ሻጩ የነገሩን መልክ እንዳለ ያሳያል ያለኝ ነጩን ነው። ለመናገር አፌን ስከፍት ግን ያቺ ጀልባ በዓይኔ ላይ ተንሳፈፈች፤ «ሰማያዊ» አልኩ። ሁለት ሽማግሌዎች እውነቱን ለማየት ሙክት ሸጡ፣ እኔ ሕልሜን ገዛሁበት። አሁንም ሳስበው አፍራለሁ።

ጊዜው ግንቦት ነበር፤ ግድቡ ቀንሷል፤ በልጉ ግን ገና መዝነቡን አላቆመም። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ሁለቱም በርኖሳቸውን ደርበው መጡ። ከበርኖሱ በላይ ብርቱካንማ የመንሳፈፊያ ሰደርያ አጠለቅሁላቸው። አንደኛው በፊት ጫፍ፣ ሌላኛው በኋላ ጫፍ፣ ጀርባና ጀርባ ሆነው ተቀመጡ። እየቀዘፍኩ፣ ቦታውን በምን እናውቀዋለን ብዬ ስጨነቅ ሁለቱም እኩል እጃቸውን ዘረጉ። የማርያም ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ከገደሉ አፍ ጋር ሲገጥም፣ እዚያ ነው አሉ። በሃያ ዓመት ውስጥ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ ሁለቱም ያፈሩበት መሰለኝ።

ችግሩ ጀልባዋ ቀላል መሆኗ ነው። ጋሽ እሸቴ ለማየት ወደ ግራ ሲያጋድሉ እሷም አብራ አጋደለች፣ ውኃ ጨለፈች። ሁለቱም ዋና አይችሉም። እኔም ውቅያኖስን አስተምራለሁ እንጂ አልዋኝም። ስለዚህ መሐል ላይ ጎን ለጎን እንዲቀመጡ፣ አንዱ ወደ ግራ ሲያጎነብስ ሌላው በዚያው ቅጽበት ወደ ቀኝ እንዲያጎነብስ ለመንኳቸው። ለዚህ ደግሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ጋሽ እሸቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ለውኃው የሚናገሩ መስለው፣ ልጎነብስ ነው አሉ። ጋሽ ሽፈራውም፣ ለተራራው የሚመልሱ መስለው፣ አጎንብስ አሉ።

አበራሁ።

እንደ ቪዲዮው አልነበረም። ከጀልባዋ ሥር ሰማያዊ ጭጋግ ተነሣ። ውኃው ውስጥ የተንጠለጠለው ደቃቅ አፈር ሁሉ በርቶ ቀስ ብሎ ይዞራል። ድንጋይ የለም፣ ወይራ የለም፤ ክንድ ያህል እንኳ ወደ ታች አይታይም። ነፋሱ ቆሟል። ሰማዩም በዚያች ሰዓት ያው ሰማያዊ ነበር፤ በሁለቱ መካከል ሦስት ሰዎች ተንጠልጥለን ቀረን። ውሸቴ ሊገለጥ ነው ብዬ ፈራሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፍርሃቱ እያለ ደስም አለኝ፤ በሕልሜ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ጋሽ ሽፈራው መቅዘፊያውን ተቀበሉኝና ወደ ታች ሰደዱት። መሬት ነካ። ሲያወጡት ጫፉ ላይ ጭቃ ተለጥፏል። ጭቃውን በመዳፋቸው ይዘው ወደ መብራቱ አስጠጉት። ግድቡ ከሞላ ወዲህ ያንን አፈር በእጃቸው ይዘው አያውቁም።

«ይሄ የማን ነው?» አሉ።

ጋሽ እሸቴ ጠጋ ብለው አዩ። በዚያ ብርሃን ቀይም ጥቁርም ሰማያዊ ነው። በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት።

«አይለይም።»

«ያንተ ቀይ ነበረ እኮ።»

«ያንተስ ጥቁር አልነበረም? አሁን አይለይም፣ ሽፈራው።»

ጋሽ እሸቴ የባላጋራቸውን ስም ከፍርድ ቤት ውጭ ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ ሽፈራው ጭቃውን ለሁለት ከፈሉና ግማሹን በጋሽ እሸቴ መዳፍ ላይ አኖሩት። ቀድሞ ያለቀሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ጀልባዋ መንቀጥቀጥ ስትጀምር ነው ቀና ያልኩት። እኔም አለቀስኩ። ድንጋዩስ ብዬ ልጠይቅ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ እግዜር ይመስገን፣ ዋጥኩት።

ሽማግሌ ተጠራ፣ እርቁ ወረደ። ጋሽ እሸቴም ከባለቤታቸው ጋር ቆረቡ። ወይንሸት ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ስለ ማድ ቤቱ አምፖል አንዲት ቃል አልተናገረችም። እኔ ደግሞ በየሻይ ቤቱ ሰማያዊውን የመረጥኩት አስቀድሜ አስቤበት መሆኑን ማውራት ጀመርኩ። ነጭ ቢሆን ኖሮ ቀዩና ጥቁሩ ይለይ አልነበር? ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ማመን ጀምሬ ነበር።

ግን ሃያ ዓመት ሙግት የለመደ ሰው ታርቆ ምን ሊሠራ ነው? አንድ ቀን ሁለቱ ሽማግሌዎች አብረው፣ ምርኩዛቸውን እኩል እየረገጡ ቤቴ መጡ። ክሱን እየተቀባበሉ አሰሙኝ። ውኃው የመንግሥት ነው፣ ይሁን። ከውኃው ሥር ያለው አፈር ግን የሁለታቸው ነው፤ በመዳፋቸው አይተውታል፣ ምስክሩም እኔው ነኝ። ጀልባዬ የምትመላለሰው በእነሱ ማሳ ላይ ነው። መብራቱንም የገዙት እነሱ ናቸው። ስለዚህ የሲሶ ጭሰኛቸው ነኝ፤ እሑድ ከምቀዝፋቸው ሦስት ዙሮች አንዱ የእነሱ ነው። ምትክ መሬት ተሰጥቷችሁ የለም ወይ ልል ስጀምር ጋሽ እሸቴ «በሰው ምድር ልጇን ትድር» ብለው ተረቱብኝ። ልጃቸውን የዳሩልኝ እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን ረስተውታል።

አሁን እሑድ አመሻሽ ላይ ሙሽሮች ዳር ቆመው ይጠብቃሉ። ሁለቱ በርኖስ ለባሾች መሐል ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡና ወደ ወይራዋ ውሰደን ይሉኛል። እዚያ ስንደርስ አበራለሁ። ጭጋጉን እያዩ ገብሱ እንዴት ይይዝ እንደነበር፣ ውርጩ የቱ ጥግ ይበረታ እንደነበር ያወራሉ። ድንጋዩን የሚያነሣ የለም። ባለፈው እሑድ ዓይኔን ብርሃኑ ላይ ጥዬ፣ እኔ ራሴ አይቼው በማላውቀው ውቅያኖስ መሐል ነበርኩ። ጋሽ ሽፈራው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«በል ልጄ፣ መብራቱን አጥፋው» አሉ። «መሬታችን ይተኛ።»

አጠፋሁት። ጭሰኛ ምን ምርጫ አለው?