በወ/ሮ ሙንተሃ ዕጢ ላይ የተሰጠ ድምፅ

ሐሙስ ጥር 16 ቀን 2005 ዓ.ም. ከቀኑ 8፡30 ሰዓት፣ ሀዋሳ መሃል ከተማ በሚገኘው የአቶ ባህሩ ልብስ ስፌት ቤት፣ የወ/ሮ ሙንተሃ ሕክምና አስተባባሪ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ከአምስት አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

የተገኙ፦
አቶ ይልማ፣ ሰብሳቢ (የመንግሥት ሠራተኛ የነበሩ፣ ጡረተኛ)
አቶ አብዱልሃሚድ፣ አባል (የታማሚዋ ወንድም)
አቶ ባህሩ፣ አባል (ልብስ ሰፊ)
ምሕረት፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ አቶ ሽበሺ (ሠርግ ስላለባቸው በፈቃድ)

ተጋባዦች፦ ዶ/ር ሰይፈሚካኤል፣ ወ/ሮ ሙንተሃ፣ ልጃቸው ሩዋይዳ

አጀንዳ 1፦ ሕንድ አገር ከሚሰጠው ጨረር በፊት ሌላ ፎቶ ስለማስፈለጉ

ዶ/ር ሰይፈሚካኤል እንዳስረዱት፣ ዓምና ቀዶ ጥገና ከተደረገበት የታማሚዋ የጭንቅላት ክፍል አጠገብ ነጭ ነገር ታይቷል። በእጅ ያለው ፎቶ ጠባሳ ይሁን ያገረሸ ዕጢ አይለይም። እዚያው ሕንድ ባለው አዲስ የፎቶ መሣሪያ ግን ዕጢው የሚወደው ምግብ በደም ሥር ይሰጣል፤ ሕይወት ያለው ዕጢ ሲበላ በፎቶው ላይ ይበራል፤ ጨረሩም በበራው ልክ ይታቀዳል።

አቶ ባህሩ፣ ዕጢው የሚበላ ከሆነ ታማሚዋ አንድ ወር ቢጾሙ በረሃብ ይሞታል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። አቶ አብዱልሃሚድ እህታቸው ረመዳንን ሙሉ እንደጾሙ፣ ዕጢው ግን እንዳልጾመ አስታወሱ። ሰብሳቢው አንድን ጭንቅላት ሁለት ጊዜ ፎቶ ማንሣት በሥራ ሂደት ለውጥ ሥልጠና የተወገዘ ድግግሞሽ ነው አሉ።

ከረዥም ውይይት በኋላ ፎቶው እንዲቀር ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ጨረሩ የሚያርፍበት ቦታ

ፎቶው ስለቀረ ቦታውን ኮሚቴው እንዲወስን ሰብሳቢው አሳሰቡ። ወ/ሮ ሙንተሃ ለመናገር እጃቸውን ቢያወጡም አባል ስላልሆኑ ዕድል አልተሰጣቸውም። አቶ አብዱልሃሚድ እህታቸውን የሚያማቸው በቀኝ በኩል ነው አሉ። አቶ ባህሩ ሜትራቸውን አውጥተው የታማሚዋን ራስ ከለኩ በኋላ ግራ ነው አሉ። አቶ አብዱልሃሚድ ለዒድ የተሰፋላቸው ሱሪ አንድ እግሩ ማጠሩን ጠቀሱ። አቶ ባህሩ ሱሪው ልክ መሆኑን፣ ችግሩ ከእግራቸው እንደሆነ መለሱ። ይህ ከአጀንዳ ውጪ ተባለ።

ድምፅ ሲሰጥ ቀኝ አንድ፣ ግራ አንድ ሆነ። ጸሐፊዋ እየጻፈች ስለነበር እጇን አላወጣችም። ሰብሳቢው ሁለቱን ለማስታረቅ ዕጢው መሃል ላይ እንዲሆን ሐሳብ አቅርበው ጸደቀ። ዶ/ር ሰይፈሚካኤል ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ይህ እንደ ተቃውሞ ይቆጠር አይቆጠር ስምምነት ላይ አልተደረሰም።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ወ/ሮ ሙንተሃ ሳይፈቀድላቸው ተነሥተው የሚከተለውን ተናገሩ። «ዓምና ከቀዶ ጥገናው ስነቃ የልጄ ስም ጠፋብኝ። ሁለት ወር ሙሉ ‹አንቺ› እያልኩ ነው የጠራኋት። አሁን የታየው ነገር ከንግግር ቦታው ጎን ነው ብለውኛል ዶክተሩ። ሳይለይ ጨረር ቢያርፍበት የቀረኝም ይሄዳል። ፎቶውን እነሣለሁ።»

አቶ አብዱልሃሚድ፣ «ቀን እንዳይቀድመን ፈርቼ ነው የቸኮልኩት» አሉ። ወ/ሮ ሙንተሃ፣ «አውቃለሁ ወንድሜ» አሉ። ዶክተሩ ፎቶው የሚያዘገየው ሁለት ቀን ብቻ መሆኑን አረጋገጡ። አቶ ባህሩ ሜትራቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

በመሆኑም በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ፣ ኮሚቴው ራሱም ጭምር፣ ከዛሬ ጀምሮ እንዲሰረዝ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ወ/ሮ ሙንተሃም፣ «ሩዋይዳ፣ ነይ ባጃጅ ሳናጣ እንሂድ» ብለው ስለወጡ ስብሰባው 10፡20 ላይ አብቅቷል።