ሊቀመንበሩ ያላዩት ስፖርት

ሁሉን ነገር በዓይኑ ካላየ የማያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? በደርግ ጊዜ የእኛ የጎንደሮቹ ቀበሌ ሊቀመንበር እንዲያ ያሉ ነበሩ። ከስብሰባ መሀል ለሽንት ብድግ ያለችን ሴት ሁሉ በአሻጥር ይጠረጥሯት ነበር። እኛ ወላዶች ደግሞ ብድግ ማለት እናበዛ ነበር።

አንድ ቀን አንዲት አዋላጅ ነርስ ልታስተምረን መጣች። ስናስል ሽንት የሚያመልጠን፣ ከባሎቻችን ጋር ስንተኛም ደስታው የራቀን፣ በወሊድ ከታች ያለው ጡንቻ ስለላላ ሊሆን ይችላል አለችን። መቀነት ማጥበቅ ለእሱ አይበጀውም። ሽንት እንደምትይዙ ሰብስባችሁ ያዙት፣ ከዚያ ልቀቁት፣ በየቀኑ ደጋግሙት አለችን።

ሊቀመንበሩ ከፊት ወንበር ተነሡ።

«የሚሠራውንና የሚለግመውን በምን እንለያለን?»

«አይታይም ጓድ፤ ቁጭ ብለውም ይሠሩታል።»

«የማይታይ ስፖርት የለም። ሁላችሁም ቁሙና ጀምሩ።»

ቆመን ጀመርን። በመካከላችን እየተዘዋወሩ እጃችንን አዩ፣ እግራችንን አዩ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር አጡ።

«ምነው ጓድ፣ እየሠራን እኮ ነው» አሏቸው ጎረቤቴ እትዬ ብርዛፍ፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው።

ሊቀመንበሩ ትምህርቱን ፍሬ ቢስ ብለው አስቆሙና ስለ ምርት ዕድገት ረጅም ንግግር ጀመሩ። እኛም ቁጭ ብለን ቀጠልን። ከዚያ ወዲህ ከስብሰባ የቀረች ሴት አላውቅም፤ ንግግራቸው በረዘመ ቁጥር ለእኛ ሸጋ ነበር።

ከወራት በኋላ ሊቀመንበሩ ለበላይ አካል ሪፖርት ሲያቀርቡ ሰማኋቸው። «የሴቶቻችን ንቃት እጅግ ከፍ ብሏል» አሉ በኩራት። «እኔ ስናገር ለሽንት እንኳ አይወጡም።»