ፓስፖርት ቢሮ ውስጥ «ኖር!» እያልኩ የተነሳሁ ዕለት

ዛሬ መንግሥት የሹራቤን ቁልፍ፣ አንገቴንና የግራ ጆሮዬን ፎቶ አንስቷል። ፊቴን ግን ሊያገኘው አልቻለም!

አትሳቁ። ገና ነው።

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ፤ እዚህ መንደር ላይክ ከማድረግ በቀር ድምፄ ተሰምቶ አያውቅም። ይሄን ግን ለሰው ካልነገርኩት ሆዴ የሚችለው አልመሰለኝም።

ነገሩ ፓስፖርት ነው። በሕይወቴ የመጀመሪያው!

እህቴ ጅቡቲ አግብታ ነው የምትኖረው። ጥር ላይ ትወልዳለች፣ የመጀመሪያ ልጇን። እናታችን በሕይወት የለችም። ባሏ ደግሞ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ቤቱ የሚያድርበት ቀን በጣት ይቆጠራል። «አንቺ ካልመጣሽልኝ ማን አለኝ?» ብላ ስልክ ላይ ስታለቅስ አፌን ሞልቼ «እመጣለሁ» አልኳት።

እንዴት እንደሚኬድ ሳላውቅ!

እኔ እኮ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ፣ ቃሊቲ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሳሙና የማሽግ ሰው ነኝ። ዓለሜ ከገላን ኮንዶሚኒየም እስከ ፋብሪካው በር ነው። ሳሪስ ከደረስኩ «ከተማ ወጣሁ» ብዬ የማወራ ሰው ነኝ።

የኦንላይን ፎርሙን የሞላችልኝ ሰፈራችን ኮፒ ቤት ያለችው ልጅ ናት። ቀጠሮውን ፕሪንት አድርጋ ስትሰጠኝ ይሄ ቀን ካመለጠሽ ሌላ ለማግኘት ወራት ሊፈጅብሽ ይችላል ብላ አስጠነቀቀችኝ። ወራት! ጥር እኔን ይጠብቃል?

አሁን አንድ አመሌን ልንገራችሁ።

ትልቅ ሰው ሲገባ ቁጭ ብዬ መቅረት አልችልም። «ኖር!» ብዬ ብድግ እላለሁ። አባቴ ነው እንዲህ አድርጎ ያሳደገኝ። ዕድሜውን በባቡር ሥራ የጨረሰ ሰው ነው፤ እንግዳ ሲገባ ተቀምጦ የተገኘ ልጅ በዓይኑ ብቻ ይገረፍ ነበር። ስለዚህ እኔ ሳላስብ እግሬ ቀድሞኝ ይነሳል። አንዴ ቱሉ ዲምቱ፣ ታክሲ ውስጥ ለገቡ እናት ስነሳ ጭንቅላቴ ከጣሪያው ጋር ተጋጭቶ ወያላው «ተይ፣ መኪናውን እንዳትበሺው» ብሎኛል።

ዛሬም ያዋረደኝ ይሄው እግሬ ነው።

ጠዋት ቢሮው ስደርስ ወለሉ ከማብረቅረቁ የተነሳ ጫማዬን ላውልቅ አላውልቅ እያልኩ በሩ ላይ ቆምኩ። (እውነቴን ነው!) ከኋላዬ ያለችው ሴት «እለፊ እንጂ» ስትለኝ ነው የገባሁት። ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ጮክ ብሎ የሚያወራ የለም። ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን ቁጥሬን አወጣው። ቁጥሬን! የኔን! ወረቀቴን ሦስቴ አየሁት።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ወጣት ሠራተኛ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል። መጀመሪያ አሻራ ነው አለኝ። ጣቶቼን የማሽኑ መስታወት ላይ ሳስቀምጥ አረንጓዴ መብራት በራና እዚያ ስክሪኑ ላይ ግዙፍ ሆነው ወጡ።

ገላን ጀርባ ያለውን የታረሰ ማሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልክ እንደሱ! ትልም በትልም! ስንት ዓመት ሳሙና ስጠቀልልበት በኖርኩት ጣት ላይ ይሄ ሁሉ እርሻ እንዳለ ማን ነገረኝ?

«የኔ ነው?» አልኩት።

«የማን ሊሆን ነው?» አለኝ ቀና ሳይል። «በዓለም ላይ ያንቺን የመሰለ ሌላ የለም።»

ለሱ የዘወትር ሥራው ነው። እኔን ግን እንዲህ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም!

በዚህ ደስታዬ ላይ ነው ፎቶው የመጣው።

ወንበሩ ከካሜራው ፊት ለፊት ነው። ከካሜራው ጀርባ በሩ አለ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ደግሞ ጥሩ ሰው ነው፤ ሽማግሌና አሮጊት ደጅ እንዳይጉላሉ ብሎ እያስገባ እዚያው ክፍል ውስጥ አግዳሚው ላይ ያስቀምጣቸዋል።

መዓቱ ገብቷችኋል አይደል?

መጀመሪያ ዓይኔ አልነሳም አለ። ሰው ትኩር ብሎ ሲያየኝ መሬት መሬት ነው የማየው። ልጁ «እህቴ፣ ካሜራው መሬት ላይ አይደለም» አለኝ። እንደምንም አገጬን ቀና አደረግኩ። ዝግጁ አለኝ።

በሩ ተከፈተ። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ገቡ።

«ኖር!»

ቀጭ። የሹራቤ ቁልፍ።

«በእግዜር፣ ተቀመጪ ልጄ» አሉኝ። ልጁ አጠፋውና እንደገና አዘጋጀኝ። ሁለተኛ አንድ፣ ሁለት ሲል ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ከዘራ የያዙ አባት ገቡ። ተነሳሁ። መነሳት ብቻ አይደለም፣ መቀመጫ ላሳያቸው ዞርኩ!

ቀጭ። አንገትና የግራ ጆሮ።

«ወንበሩ ይቆረቁርሻል እንዴ?» አለኝ ልጁ።

ሦስተኛው ግን የኔም ጥፋት አይመስለኝም። የመጀመሪያዋ እናት ጥበቃው ጋ የረሱትን ቦርሳ ሊያመጡ ወጥተው ተመለሱ። እና ሲገቡ ምን ላድርግ? ገቡ እኮ!

«ለሳቸው ቅድም ተነስተሻል!» ጮኸ ልጁ።

ከክፍሉ መስታወት ውጪ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ። በሦስተኛው ፎቶ ስክሪኑ ላይ የወጣሁት እኔ ሰው አልመስልም፤ ጭስ ነኝ።

ልጁ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። ክፉ አይደለም፣ ደክሞታል። ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው፣ ዛሬ ካልሆነልሽ ሌላ ቀጠሮ ይያዝልሽ አለኝ።

ሌላ ቀጠሮ።

እህቴ ብቻዋን፣ ሰው አገር፣ በምጥ ስታምጥ ታየችኝ። ለማስረዳት አፌን ከፈትኩ። «እህቴ ጥር ላይ ትወልዳለች፤ ከኔ በቀር ሰው የላትም» አልኩ። ግን የነገርኩት ለጉልበቴ ነው፤ እንኳን ልጁ እኔም በደንብ አልሰማሁትም።

ባለ ከዘራው አባት «ምን አለች?» አሉ። ቅርቤ የነበሩት እናት ሰምተው ኖሮ ደገሙላቸው። አራስ ልትጠይቅ ነው፣ እህቷ ሰው የላትም አሉ።

ሰውየው ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ። የወሎ ሰው መሆናቸው ከአነጋገራቸው ያስታውቃል።

«ልጄ፣ በሞቴ ተቀመጪ» አሉኝ። «ከአሁን በኋላ ለሚገባው ሁሉ እኔ እነሳልሻለሁ።»

በሞቴ! እኛ ቤት በሞቴ የተባለ ነገር አይመለስም። ተቀመጥኩ።

ግን እስኪ አስቡት። እኔ ተቀምጬ፣ እሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው ቆመው! መቀመጥ እንደዚያ ከባድ ሥራ እንደሆነ አላውቅም ነበር። እግሮቼን ወንበሩ ሥር አቆላለፍኩ፤ በሁለት እጄ ወንበሩን ጨበጥኩ። ልጁ ትንፋሹን ሰብስቦ አንድ አለ። ሁለት አለ።

በሩ ተከፈተ።

ቄስ! መስቀል የያዙ፣ ጥምጥም ያደረጉ ቄስ!

በእመብርሃን፣ ይሄ ፈተና ለማን ይሰጣል? ለቄስ መነሳት ብቻ አይደለም፣ መስቀል መሳለም አለ! የተቆላለፈው እግሬ ሊፈታ ታገለ። ወንበሩ አብሮኝ ተንቀጠቀጠ። ያን ጊዜ ባለ ቆቡ አባት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ኖር» አሏቸው።

«በእግዜር፣ ምነው ሼኽ፣ ይቀመጡ እንጂ» አሉ ቄሱ ደንግጠው።

«በዚች ልጅ ስም ነው የተነሳሁት።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። ሁለቱንም። እኔ ተቀምጬ፣ ለእኔ ብለው የቆሙትን ሽማግሌና እጃቸውን ይዘው የሚያስቀምጧቸውን ቄስ። ሀፍረቴ ጠፋ። መሬት የሚባል ነገር መኖሩንም ረሳሁት።

ቀጭ።

«ይሄ ነው» አለ ልጁ።

ስክሪኑን አዞረልኝ። ዓይኖቼ ከመፍጠጣቸው የተነሳ መልአክ ፊቴ የቆመ ነው የሚመስለው። ግን ቀና ብላለች፣ ያቺ ልጅ። ሃያ ሦስት ዓመት ስኖር እንደዚያ ቀና ብዬ ራሴን አይቼው አላውቅም። ትልቅ ሰው ትመስላለች። ድንበር የምትሻገር ትመስላለች።

ይሆናል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ዓይን ይታያል፣ ጆሮ ይታያል፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ አለኝ።

ከወንበሩ ስነሳ መጀመሪያ መስቀሉን ተሳለምኩ፣ ከዚያ የሼኹን እጅ ሳምኩ። እሳቸው «አላህ ያቅልልላት» አሉ። እናትየዋ «ማርያም በሽልም ታውጣት» አሉ። ቄሱ ሁሉንም በአንድ አሜን ጠቀለሉት። እህቴ ጅቡቲ ተቀምጣ፣ ምንም ሳታውቅ፣ በሦስት ሽማግሌ ተመርቃ ዋለች!

ወረቀቱ ላይ ፓስፖርቱን የምወስድበት ቀን ኅዳር ይላል። ደጅ ወጥቼ ደወልኩላት። ሳቋን ስትለቀው አሁን ምጡ በኔ ጦስ እንዳይመጣ ብዬ ፈራሁ።

«እንግዲህ ትመጫለሽ ማለት ነው» አለችኝ።

«እመጣለሁ» አልኳት። አሁን ያልኩትን አውቀዋለሁ።

በባቡር ወደዚያ የሄዳችሁ ሰዎች፣ የጨነቀኝን ልጠይቃችሁ። ድንበር ላይ ፎቶውንና ፊትን ያስተያያሉ ይባላል። እኔ ያንን ፊት ያሳየሁት በሕይወቴ አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰከንድ ነው። ደግመሽ አሳዪን ቢሉኝ በዚያ በረሃ ሼኽና ቄስ አብረው ከየት አመጣለሁ?